የአሳማው እግርና የቆመችው መኪና

የአለቃን ጉድ ማውራት ነውር ነውና አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ሰባት ዓመት ጀርመን አገር የተማሩት አለቃችን ዶክተር ልሳነወርቅ እኛን የቢሮ ጓደኛሞችን የጀርመን ምግብ ቤት ጋበዙን። መኪናቸው መንገድ ላይ ቆማባቸው፣ እስከ በሩ ገፍተን አደረስንላቸው። እንደተቀመጥን ለሁላችንም የአሳማ እግር አዘዙ። የዕድገቱን ፊርማ ከእሳቸው የሚጠብቅ አንድ ጓደኛችን ግን አሳማ አልበላም ብሎ ሳህኑን መለስ አደረገ።

"ጀርመኖች መኪና የሠሩት ይህን በልተው ነው" አሉ ዶክተሩ። "እናንተን ኋላ ያስቀራችሁ ሽሮ ነው። ብላ፤ ያልበላ ዕድገቱን ይርሳ።"

"ካዘዙኝማ እበላለሁ፣ ዶክተር" አለ። "ብቻ እርስዎ ሰባት ዓመት በልተውት፣ መኪናዎን የገፋነው እኛ ሽሮ በላተኞቹ ነን። ዛሬ ሁላችንም ከበላን ስንወጣ ማን ይገፋታል?"

ዶክተሩ ጥቂት አሰቡና አሳላፊውን ጠርተው ለሁላችንም ዓሣ አዘዙ።

አደራ፣ ከዚህ አይውጣ፤ ዕድገቱ ገና አልተፈረመም።