ከጣሳው ላይ የተገኘው ዘር

ምላሷ እንደ ገል ስለት የሚቆርጥ አንዲት ሸክላ ሠሪ ነበረች። ባሏ ከሞተ ወዲህ የቀረቻት አንዲት ልጇ ትብለጥ የኮሌጅ መግቢያ ነጥብ በጥቂት ጎደለባት። ልጅቷ «የሸክላ ሠሪ ዘር» እየተባለች ከተማሪው ሁሉ ተነጥላ ተቀምጣ መማሯ ይታሰብላት ብላ፣ እናትየው ኮሌጁ በጠራው ስብሰባ ላይ አቤት አለች።

የኮሌጁ ኃላፊ ዶክተር ይልቃል ከጠዋት ጀምሮ ሲናገሩ ጉሮሯቸው ደርቋል። «አንቺ ሴትዮ፣ እኛ ግቢ ዘር አይታይም፤ ከጠፋ ቆይቷል!» አሉ። አዳራሹ አጨበጨበ።

በዚህ መሀል አስተናጋጁ እሷው ከሠራችው እንስራ ውሃ ያድል ጀመር። ለሰው ሁሉ በብርጭቆ ሰጠ። ለእሷ ግን፣ ሸክላ ሠሪ በጠጣበት ሌላ ሰው አይጠጣምና፣ እንደ አገሩ ልማድ ከበር ኋላ የዛገ ጣሳ አንስቶ ቀዳላት። ኃላፊው ጋ ሳይደርስ ውሃው አለቀ።

ሴትዮዋ ብድግ ብላ ጣሳዋን በሁለት እጇ አቀረበችላቸው። «ጌታዬ፣ እኔ ገና አልቀመስኩትም። ጉሮሮዎን ያርጥቡበት።»

ዶክተሩ ጣሳውን አዩ፤ ሰዉን አዩ። «አይ፣ እኔ እንኳ አልጠማኝም» አሉ፣ ድምፃቸው እየተሰነጠቀ።

ሰዉ ሳቁን መቻል አቃተው። እሷ ግን ሳትስቅ ጣሳውን ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጠችው።

«ጌታዬ፣ ጠፋ ያሉት ዘራችን ይኸው ጣሳው ላይ ተገኘ። እንግዲህ ከጣሳው እስኪለቅ ድረስ ልጄ በርዎ ላይ ስትቆምም ዘሯ ይታይላት።»