ሠላሳ ስድስት የተባለው ሜዳ

በወይራ አምባና በግራር ሜዳ መካከል፣ ከምንጩ በላይ ያለው ለጥ ያለ መስክ እስከ ዛሬ «ሠላሳ ስድስት» ይባላል። መንገደኛ ስሙን ሲሰማ የከብት ወይም የሰው ቁጥር ይመስለዋል፤ የአገሩ ሽማግሌዎች ግን ስሙ የመጣው ከዕርቅ ድንጋይ ነው ይላሉ።

እንደሚነገረው፣ ሁለቱ አገሮች በዚያ ምንጭ የተነሳ ለብዙ ዘመን ደም ተቃብተው ኖረዋል። በመጨረሻ ሰውም ከብቱም ሲያልቅ በዚሁ መስክ ለዕርቅ ተቀመጡ፤ መሐላው ላይ ሲደርሱ ግን ነገሩ ተበላሸ። ወይራ አምባዎች ሲምሉ ድንጋዩን የሚደረድሩት ቁመቱንና ወርዱን እኩል አድርገው በአራት ማዕዘን ነበር። ግራር ሜዳዎች ደግሞ ከላይ አንድ፣ ቀጥሎ ሁለት፣ ከዚያ ሦስት እያሉ እንደ ጎጆ ክዳን ወደ ታች ያሰፉታል። ሁለት ክምር ሁለት መሐላ ነውና፣ ያው አንድ ክምር ድንጋይ በሁለቱም ወግ ሲደረደር ልክ መሙላት ነበረበት፤ አንድ እንኳ ቢተርፍ ወይም ቢጎድል መሐላው ፈራሽ ነው። «እንግዲያው አንድ ድንጋይ ብቻ እናስቀምጥ» ያለም ነበር አሉ፤ «የሁለት አገር ደም በአንድ ድንጋይ ሊታሰር ነው?» ብለው ጮኹበት።

የወይራ አምባው ሽማግሌ አያ ጌጡ አሥራ ስድስት ድንጋይ አራት በአራት ደረደሩ። የግራር ሜዳው አያ ደንበሩ ያንኑ በራሳቸው ወግ ሲያሰፉት አንድ ተረፈ። በሃያ አምስት ቢሞክሩ አራት ተረፈ። አያ ደንበሩ በተራቸው ሃያ ስምንት ድንጋይ በሰባት ረድፍ አሰፉ፤ አያ ጌጡ አምስት በአምስት ሲያደርጉት ሦስት ተረፈ። «እግዜርም ዕርቁን አልወደደው» አለ አንዱ፤ ጦር የያዘ ሁሉ ብድግ አለ።

ይህን ጊዜ ትብለጥ የምትባል ሴት ከሰው መካከል ወጣች። የወይራ አምባ ልጅ ሆና ለግራር ሜዳ የተዳረች ናት፤ ባሏን የገደሉት የገዛ ወንድሞቿ ሲሆኑ፣ አሁን ደግሞ ልጇና የወንድሟ ልጅ በሁለት ወገን ጦር ይዘው ቆመዋል። አያ ደንበሩ ሰባቱን ረድፍ መልሰው እንዲያሰፉ ለመነቻቸውና ከግርጌው ቁጭ አለች።

«ይኸው፣ አሰፋሁት። በይ ተነሽ፣ ሰው ሳይረግጥሽ!»

«አልነሳም፣ አያ። አንድ ረድፍ ይጨምሩ።»

«ሰባቱ እምቢ ብሎ፣ ስምንት?»

«እኔ ባሌን ተሸክሜ ቀብሬያለሁ። እርስዎ ስምንት ድንጋይ ከበደዎት?»

ልጇና የወንድሟ ልጅ ተያዩ፤ ጦራቸውን መሬት ሰክተው ድንጋዩን ሊያመጡ አብረው ወረዱ።

ስምንተኛው ረድፍ ሲሞላ ድንጋዩ ሁሉ ሠላሳ ስድስት ሆነ። አያ ጌጡ እያነሱ በወጋቸው ይደረድሩ ጀመር፤ ስድስት፣ ከሥሩ ስድስት፣ ከዚያም ሥር ስድስት። ስድስተኛውን ረድፍ ጨርሰው ዞር ሲሉ የተረፈ ድንጋይ የለም፤ የጎደለም ቦታ የለም።

«ሞላ!» አሉ። «ወገኖቼ፣ ለሁለታችንም ሞላ!»

ትብለጥ እልልታውን አቀለጠችው። ጦር ይዞ የቆመው ሁሉ ጦሩን እየጣለ በባላንጣው አንገት ላይ ተጠመጠመ፤ በዚያው ዕለት የሁለቱም አገር ከብት ከምንጩ በአንድነት ጠጣ።

ዛሬም የሁለቱ አገር ልጆች ሲጋቡ ሠላሳ ስድስቱ ድንጋዮች በዚያው ሜዳ በሙሽራይቱ አገር ወግ ተደርድረው ይጠብቃሉ፤ ሚዜዎቹ በሙሽራው አገር ወግ መልሰው እስኪደረድሯቸው ሙሽራይቱ ከበቅሎ አትወርድም። እልልታውን እንድትጀምር የሚፈቀድላትም ከወይራ አምባ ተወልዳ ግራር ሜዳ የተዳረች ሴት ብቻ ናት።