የደኅናው ክንድ ፍቅፋቂ

«አንድ ቀስት ሠሪ ነበረ» አሉ መምህሩ። ፊት ለፊታቸው የተቀመጠው ሰው ወንድሙ ድንበር ገፍቶበታል። ሽማግሌዎቹ ደግሞ፣ «እሱ አስቸጋሪ ነው፤ አንተ ትልቅ ሰው ነህ፣ ለሰላም ስትል ተውለት» ብለውታል። «የኔታ፣ ልተውለት?» ብሎ ሊጠይቅ ነበር የመጣው።

ቀስት ሠሪው እጁ የተመሰከረለት ነው። በቆሎውን ከርከሮ የሚጨርስበት ጎረቤቱ፣ «ከማሳዬ ዳር ቆሜ ወንዙ ድረስ የሚወረውር ቀስት ሥራልኝ፤ ያለዚያ ዘንድሮ ልጆቼ የሚቀምሱት የለም» አለው። ሠሪውም የደረቀ የለንቋጣ እንጨት መርጦ ጠረበ። ሊጨርስ ሲል ቸኮለና ቢላው በቀስቱ የታችኛው ክንድ ላይ ጠልቆ ፋቀ። ጅማቱን አስሮ ሲስበው የታችኛው ክንድ እጥፍ ይላል፤ የላይኛው ግትር ነው።

በሳሳው ላይ የሚጨመር እንጨት የለም። ስለዚህ ከደኅናው ፋቀ። ሳበው፤ ትንሽ ይቀረዋል። እንደገና ፋቀ። ሁለቱ እኩል ሲጎብጡ ካላየ እጁ አያርፍም።

ጎረቤቱ በደጁ ሲያልፍ ቆመ።

«አያ፣ አልደረሰም?»

«ትንሽ ያዘነብላል።»

«ያዘንብላ። እኔ ለከርከሮ ነው የፈለግሁት፣ ለሙሽራ አይደል።»

ሠሪው ሳቀ፤ መፋቁን ግን አልተወም።

በሦስተኛው ቀን ሁለቱ ክንዶች እኩል ጎበጡ። መንደርተኛው ቀስቱን እያገላበጠ አደነቀ። ጎረቤቱም ወሰደው። የዚያኑ ቀን ከርከሮዎቹ ከወንዙ ሲወጡ ፍላጻውን ለቀቀ፤ ቀስቱ ሳስቶ ኃይል አጥቷልና ፍላጻው ማሳው መሀል ወደቀ። ከርከሮዎቹ ቀና እንኳ አላሉም።

በማግስቱ ቀስቱን አምጥቶ ከሠሪው እግር ሥር አስቀመጠ። «ጠማማው ያደርስልኝ ነበር» አለና ሄደ። ሠሪው አቀርቅሮ መሬቱን አየ። እዚያ የተከመረው ፍቅፋቂ ሁሉ፣ ከአንዲት ስንጣሪ በቀር፣ የደኅናው ክንድ ነበር።

መምህሩ ወደ ጠያቂው ዞሩ።

«ሽማግሌዎችህ ክፉ ሰዎች አይደሉም። ወንድምህን ማቅናት አልቻሉም፤ ስለዚህ አንተን ይፍቃሉ። ዘንድሮ አንድ ትልም፣ ለከርሞ ሌላ። ግራና ቀኙ እኩል የሆነ ሲመስላቸው ‹ታረቁ› ብለው መርቀው ይሄዳሉ። መተው ከፈለግህ ተው፤ መሬቱ ያንተ ነው። መጀመሪያ ግን የሚቀርህ መሬት ልጆችህን ያበላ እንደሆነ ለካው። ካላበላ፣ እንደ ጠመማችሁ ኑሩ።»

«ይቀየሙኛል፣ የኔታ።»

«ይቀየሙ። እነሱ የሚያዩት የቀስቱን ማማር ነው። ከርከሮ የሚበላው በቆሎ ግን ያንተ ነው።»