ቁጥር የሌለው ሰዓት

አንድ ሰው ነበረ፤ እንደ አንተ የእጅ ሰዓት ሊገዛ የወጣ።

«የኔታ፣ ለሠርጌ ጌጥ የሌለው፣ ቀለል ያለ ሰዓት ብመርጥ ትሕትና አይሆንልኝም ወይ?» ብለህ ጠይቀኸኛል። አዎ ብልህ ደስ ብሎህ ትሄዳለህ፤ አይደለም ብልህ ታኮርፋለህ። ስለዚህ የዚህን ሰው ነገር ልንገርህና ራስህ ፍረድ። ብቻ እስክጨርስ ዝም ብለህ ስማኝ።

ሰውየው ከትንሽ ተነሥቶ ትልቅ ነጋዴ የሆነ ነበር። ቆርቆሮና ሚስማር ይሸጣል። ሀብት ሲመጣለት መጀመሪያ ሌላው የሚያደርገውን አደረገ፤ ትልቅ ወርቃማ ሰዓት ገዛና እጁን በመኪናው መስኮት አንጠልጥሎ መንዳት ጀመረ። ዕድሜው ገፋ ሲል ግን ነገሩ አሳፈረው። ጓደኞቹም «ይሄ የእጅ ሰዓት ነው የግድግዳ?» እያሉ ይቀልዱበት ነበር። እናም ከእንግዲህ በቀላሉ እኖራለሁ ብሎ ወሰነ። ቀላል ኑሮውን ከምን ጀመረ ብትለኝ፣ ሌላ ሰዓት ከመግዛት።

ሱቅ ለሱቅ ዞረ። ሻጮቹ መስታወቱ ላይ ይደረድሩለታል፣ እሱ ይመልሳል። ቀን የሚያሳየውን «ቀኑንማ አውቀዋለሁ» ብሎ መለሰው። በጨለማ የሚያበራውን «እኔ ዘበኛ ነኝ እንዴ?» አለ። አንዱን ደግሞ የሰከንድ ቆጣሪው ሲሮጥ ዓይኔን አደከመኝ ብሎ ተወው። በመጨረሻ ቁጥሮቹም በዙበት።

«ጌታዬ» አለው አንዱ ሻጭ ሳቁ እያመለጠው፣ «ከዚህ በላይ ከቀነስን እኮ ማሰሪያውን ብቻ ይዘው ነው የሚሄዱት።»

ቢሆንም ከጓዳ ፈልጎ አንድ አመጣለት። ስስ ነው፤ ከሸሚዝ እጅጌ ሥር ሲገባ አይታወቅም። ፊቱ እንደታጠበ ሳህን ነጭ ነው። ቁጥር የለው፣ ነጥብ የለው፤ ሁለት ቀጫጭን ቆጣሪዎችና ጥቁር የቆዳ ማሰሪያ ብቻ። ሰውየው ገና እጁ ላይ ሲያስረው ልቡ ቀለጠ። ቤቱ እንደገባ ለሚስቱ አሳያት።

«አየሽው? ምንም የለውም እኮ!»

«ታዲያ ምኑን ገዛኸው?» አለችው።

እሱ ግን አልሰማትም። ያን ባዶ ፊት ባየ ቁጥር ራሱም የቀለለ፣ ከትዕቢት የጸዳ ይመስለው ነበር። ደግሞ ቁጥር ስለሌለው እንደሌላው ሰዓት አየት ተደርጎ አይታለፍም፤ ቆጣሪዎቹ የት ጋ እንደቆሙ ማስተዋል ይጠይቃል። ስለዚህ ሲያየው ረዘም አድርጎ ነው። ሲበላ ያየዋል፣ ሰው ሲያናግረው ያየዋል፣ ቤተ ክርስቲያን ቆሞ ያየዋል። ወዲያው «ስንት ሰዓት ሆነ?» ብለው ቢጠይቁት ግን ብዙ ጊዜ መልስ የለውም፤ ሲያይ የቆየው ውበቱን ነበራ።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ይህ ሰው ሁሉ ሞልቶለት አንድ ነገር ጎድሎት ነበር፤ የአባቱ ምርቃት። በወጣትነቱ ከአባቱ ጋር ተጣልቶ ጉልበታቸውን ሳይስም ነበር ከአገሩ የወጣው። ኋላ ታረቁ። በበዓል ይጠያየቃሉ፣ ሲታመሙም ያሳክማቸዋል። ያን ጊዜ ሳይሰጡት የቀረው ምርቃት ግን እንደቀረ ነበር። በዚያ ቤት ልጅ «መርቁኝ» ብሎ አይጠይቅም። አባት ልቡ ሲሞላ ራሱ ይጀምራል። ሲጀምርም ከሩቅ ነው፤ ከልጁ ልደት ተነሥቶ፣ እያወራ እያወራ መጥቶ፣ በመጨረሻ እጁን በልጁ ራስ ላይ ጭኖ «እንትፍ» ይላል። ልጅ አንገቱን ደፍቶ አሜን ይላል። ቢመሽም ባይመሽም መሐል ላይ አይነሣም።

ታዲያ አንድ ቀን እህቱ ደወለችለት። «አባባ ደክመዋል» አለችው። «ሁላችንንም መርቀው ጨርሰዋል። የቀረኸው አንተ ነህ፤ በር በሩን እያዩ ነው።»

ሰውየው ሥራውን እንዳለ ጥሎ ነዳ። መንገዱን ሙሉ እንደ ሕፃን ሆድ ባሰው። ይህን ያህል ሲጠብቅ መኖሩን እስከዚያ ቀን ለራሱም አልነገረውም ነበር።

አባትየው አልጋ ላይ ነበሩ፤ ከስተዋል፣ ዓይናቸው ግን ንቁ ነው። ልጃቸውን ከራስጌያቸው በርጩማ ላይ አስቀምጠው እጁን ያዙት። ስለ ሚስቱ ጠየቁት፣ ስለ ልጆቹ ጠየቁት። ከዚያ ዓይናቸውን ወደ ጣሪያው አነሡ።

«አንተ የተወለድክ ለት» አሉ፣ «የሚጥለው ዝናብ ለጉድ ነበር። እናትህን ምጥ ሲይዛት ወንዙ ሞልቶ አዋላጇን ማሻገር አቃተን።»

ሰውየው ወደ አልጋው ጠጋ አለ። ምን እየመጣ እንደሆነ ገብቶታል። እህቱም ገብቷት በሩ ጋ ቆማ እንባዋን ጠረገች። አባት ቀጠሉ። አዋላጇን በትከሻቸው ተሸክመው ደረታቸው ድረስ በሚመጣ ውኃ እንዴት እንዳሻገሯት፣ ሴትዮዋ ፀጉራቸውን ይዛ እንዴት እንደጮኸች፣ ሕፃኑን ገና ሳይታጠብ እንዴት እንዳቀፉት ነገሩት። ይህን ከዚያ በፊት ለማንም ነግረው አያውቁም። ድምፃቸው ዝግ ያለ ነው፤ በየመሐሉ ትንፋሽ ለመሰብሰብ ያርፋሉ።

ከነዚያ ዕረፍቶች በአንዱ፣ በበሩ የገባው የከሰዓት ፀሐይ በሰዓቱ መስታወት ላይ አረፈ። ሰውየውም አየው።

ቸኩሎ አይደለም፤ ይህን ልብ በልልኝ። ያን ጊዜ ዓለም ብትገለበጥ ከዚያ በርጩማ አይነሣም ነበር። ዓይኑ ስለለመደ ብቻ ሄደ። ሄዶም እንደ ልማዱ ቆየ።

አባት ወሬያቸውን አቆሙ።

«መሸብህ ልጄ» አሉ።

«ኧረ የለም አባባ! ምንም አልቸኮልኩም፤ ይቀጥሉ።»

«መንገዱ ሩቅ ነው። በማታ መንዳትም ደግ አይደል። የሽማግሌ ወሬ እንደሆነ ማለቂያ የለውም። በል ሂድ፣ ስትመለስ እንጨርሰዋለን፤ እኔ እንደሆንኩ የትም አልሄድ።»

ሰውየው ምን ይበል? «ሰዓቱ አምሮኝ ነው ያየሁት» ሊል አፉ ላይ ደረሰና አፈረ። በደከመ አባት ራስጌ ተቀምጦ እንዲህ ያለ ነገር እንዴት ይባላል? «መርቁኝ» ማለትም አሳፈረው። አባት ደግሞ ሥራ ያለበትን ልጅ መያዝ አሳፈራቸው። ይሉኝታችን እንዲህ ነው፤ ሁለት የሚዋደዱ ሰዎች እርስ በርስ ተሳስተው ተሸኛኙ። ሰውየው ጥቂት ቢቀመጥም አባት ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው የተኙ መሰሉ። በብርድ ልብሱ ላይ ጉልበታቸውን ስሞ ወጣ። እሑድ እመጣለሁ ብሎ ለእህቱ ነገራት።

እሑድ ሳይደርስ አባትየው አረፉ።

ከቀብር መልስ ለቀስተኛው እጁን ሲታጠብ ሰውየው እህቱን ከድንኳኑ ጀርባ ለብቻዋ አገኛት። መልሷን እየፈራ ጠየቃት።

«እኔ ከወጣሁ በኋላ ምን አሉ?»

«ተወው እባክህ ወንድሜ።»

«ሞቼ እገኛለሁ፣ ንገሪኝ።»

«ሲጨነቁ አመሹ» አለችው። «‹ልጄን በወሬ አቆየሁት፤ መንገድ ላይ መሽቶበት ይሆን? እስቲ ደውዪ› ይሉኛል። በሰላም ገብቷል እስክላቸው ድረስ እህል አልቀመሱም። ከዚያ በኋላ ስላንተ አላነሡም።»

«በሌለሁበትም አልመረቁኝም?»

«ማንን ይመርቁ? ማን አሜን ሊል?» አለችና አቅፋው አለቀሰች። እሱ ግን ማልቀስ እንኳ አቃተው።

ሰዓቱን ጣለው እንዳልልህ፣ አልጣለውም። ሰዓቱ ምን አጠፋ? ሰውየው ዛሬም ይነግዳል፣ ዛሬም ደግ ሰው ነው። ነገር ግን በየሠርጉና በየክርስትናው ሽማግሌ ሊመርቅ ሲነሣ እሱ ቀድሞ ወደ ውጭ ይወጣል። ሰዎች ሲጋራ ሊያጨስ ይመስላቸዋል። ሲጋራ አያጨስም፤ ሌላው አሜን ሲል መስማት ስለማይችል ነው።

እንግዲህ ወደ አንተ ልመለስ። ቀላል ሰዓት ማሰር ትሕትና ነው ወይ አልከኝ። ያ ሰው ከሰዓቱ ላይ ቀኑን አስወጣ፣ ሰከንዱን አስወጣ፣ ቁጥሩን አስወጣ፤ ራሱን ማስወጣት ግን ረሳ። ባዶ ባለው ፊት ላይ ሲያይ የኖረው የገዛ ራሱን ደግነት ነበር። አንተም እሱን ትመስላለህ። ቀላል ነገር መውደድህን ወደድከው እንጂ ገና አልቀለልክም። የትሑት ሰው ምልክቱ እጁ ላይ ያሰረው አይደለም፤ ሌላ ሰው ሲናገር ዓይኑ የት እንዳለ ነው። ሰዓቱንስ የወደድከውን ምረጥ፤ ስስ ይሁን ወፍራም፣ ቁጥር ይኑረው አይኑረው፣ እኔን ምን ቸገረኝ!

እናትህን ግን ትናንት ከቅዳሴ ስትወጣ አግኝቻት ነበር። «ልጄ የሠርጉ ሩጫ በዛበት» አለችኝ። «ሳልመርቀው እንዳያገባ እፈራለሁ፤ ደግሞ ና ብዬ ላስቸግረው አልወድም።» አየህ፣ እሷም አፍራለች። ተነሥ፣ አሁኑኑ ሂድላት። እኔን ለመሰናበት እንኳ አትቁም።