አህያ የሸጠችው የፑል ዱላ

አንድ ጊዜ በወንዝ ዳር ባለች የገበያ መንደር ፑል መጫወት የምትወድ አህያ ነበረች። ጭነቷን ካራገፈች በኋላ አንበሳ የከፈተው ፑል ቤት ጎራ ትልና ትንሽ ተጫውታ፣ ድካሟ ሲወጣላት ወደ ቤቷ ትሄዳለች። የራሷ የሆነ ዱላም ነበራት። ተጫውታ ስትጨርስ ጫፉ ላይ የተቀባውን ጠመኔ በጨርቅ ትጠርጋለች፤ ከዚያም ዱላውን በከረጢቱ ከታ ፀሐይ በማይደርስበት ጥግ ታኖረዋለች።

አንድ ዓመት በጋው ከረረ። ሣሩ አለቀ፤ እህል የሚያስጭናትም ጠፋ። ውርንጭላዋ ከረሃብ ብዛት መቆም ሲያቅተው አህያ ዱላዋን ተሸክማ ገበያ ወጣች።

ፑል ቤቱ ደጃፍ ላይ ያገለገለ ዕቃ እየገዛች የምትቸረችር ቀበሮ ነበረች።

«ልትሸጪው ነው?» አለቻት።

«አዎ፣ እመት ቀበሮ። ብዙም አልተጫወትኩበት።»

«ብዙም ሆነ ትንሽ፣ ኳስ ከነካ ያው አሮጌ ነው እህቴ! አንድ እቅፍ ጭድ ልስጥሽና ተገላገይው።»

አህያ አንገቷን ደፋች። አንድ እቅፍ ጭድ የዛሬን እንኳ አያሳልፍም። ግን የልጇ ዓይን ፊቷ ላይ ድቅን አለባትና ከረጢቱን መፍታት ጀመረች።

ይሄኔ ጅብ የራሱን ዱላ መሬት ለመሬት እየጎተተ ደረሰ። «እኔም እሸጣለሁ! የሷና የኔ ከአንድ ነጋዴ፣ በአንድ ቀን የተገዙ ናቸው። እኩል ነው የምትከፍይን!» ብሎ ጮኸ።

ጩኸቱን የሰማው አንበሳ ብቅ አለ። «ዱላ እፈልግ ነበር። በሉ ሁለቱንም ወደ ውስጥ አምጧቸው» አላቸው።

መጀመሪያ የጅብን ዱላ ጠረጴዛው ላይ አንከባለለው። ዱላው እየተንገጫገጨ ሄደ፤ ጎብጧል።

«አያ ጅቦ፣ ምን አጎበጠው?»

«አጥንት ፈልቅቄበት ነው።»

«ጫፉ ላይ የነበረችው፣ ኳሱን የምትመታው ቆዳስ?»

«ጨዋታው ሲረዝምብኝ ራበኝና በላኋት» አለ ጅብ ከንፈሩን እየላሰ። «ምናላት፣ ትንሽዬ እኮ ናት!»

አንበሳ ለጅብ ዱላውን መለሰለትና የአህያን አንከባለለ። ዱላው ጸጥ ብሎ ቀጥ እንዳለ ሄደ። ጫፉን በጥፍሩ ዳሰሰው።

«አሮጌ ነው እኮ፣ ጌታዬ!» አለች ቀበሮ ቸኩላ።

«ተጫወተችበት እንጂ አልጎዳችውም» አላት አንበሳ። «ከአዲሱ ዋጋ ጥቂት ብቻ ነው የምቀንሰው።» ወዲያውም ከጎተራው እስከ ክረምት የሚያዘልቅ ገብስና ድርቆሽ አስጫናት።

አህያ እንባዋ መጣ። «እግዜር ይስጥልኝ፣ ጌታዬ! ልጄን አተረፉልኝ።»

«አመስጋኙስ እኔ ነኝ» አለ አንበሳ። «ቀጥ ያለ ዱላ አጥቼ ደንበኞቼ አኩርፈውኝ ነበር። አዲስ ብገዛ እጅ እስኪለምደው እቸገር ነበር፤ አንቺ ግን ገርተሽ ሰጠሽኝ።»

ያን ቀን ውርንጭላው ገብሱን ቆርጥሞ እግሩ እየተብረከረከ ተነሣ፤ ከዚያም ደጅ ወጥቶ ቡረቃ ሞከረ። አህያ በሩ ላይ ቆማ እያየችው «ተመስገን፣ ተመስገን» አለች።

ከዚህ የምንማረው፣ በእንክብካቤ የያዝነው ዕቃ ተጠቅመንበትም ቢሆን ዋጋው ሳይወድቅ በጨነቀን ቀን እንደሚደርስልን ነው።