ወንድነት የተለካበት ፀጉር ቤት

አንድ ቀን፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነው፣ የሰፈራችን ወንድ ሁሉ ለበዓሉ ሊስተካከል ፀጉር ቤቱ በራፍ ላይ ተራ ይዞ ተኮልኩሏል። እኔም ነበርኩ፤ ያኔ የሚቆረጥ ፀጉር ነበረኝ። ታዲያ መነጽር ያደረገ፣ ቦርሳ ያንጠለጠለ አንድ ወጣት ዶክተር ከተፍ አለ። የሚያክም ዶክተር አይደለም፤ የሚጠይቅ ነው። ናሁሠናይ ይባላል።

«የማጠናው ስለ ወንድነት ነው» አለን። «ይህ መጠይቅ ብዙ አገር ዞሯል። የበረሃ ሰው ተጠይቆበታል፣ የደሴት ሰው ተጠይቆበታል። እኔ አንድ አንድ እያልኩ አነባለሁ። በጭራሽ ካልተስማማችሁ አንድ፣ በጣም ከተስማማችሁ አምስት ትሉኛላችሁ። መጨረሻ ላይ የየአገሩ ወንድ ይነጻጸራል።»

«ይነጻጸራል» የምትለዋን ሲሰማ ሃምሳ አለቃ ጎርፉ ጋቢውን ወደ ኋላ ጣል አደረገ። ሃምሳ አለቃ ጡረታ ከወጣ ቆይቷል፤ ድምፁ ግን ገና አልወጣም።

«ወንድ ልጅ አይፈራም» ብሎ አነበበ ዶክተሩ።

«አምስት!» አለ ሃምሳ አለቃ።

«ወንድ ልጅ አያለቅስም።»

«አምስት!»

«ወንድ ልጅ ማጀት አይገባም።»

«ስድስት!»

«ሃምሳ አለቃ፣ ከአምስት በላይ የለም።»

«እሱ ለሌላው አገር ነዋ! ለእኛ አንድ ቀጥልበት!»

ከዚያ በኋላ ማን ሊያንስ? ጎን ለጎን የተቀመጠው ሁሉ አምስት፣ አምስት እያለ ወረደ። ባለሱቁ አቶ ልሳነወርቅማ ጥያቄው ተነቦ ሳያልቅ ነው አምስት የሚለው። እኔም አምስት አልኩ። ምን ላድርግ፣ ከሃምሳ አለቃ አጠገብ ነው የተቀመጥኩት።

ተራው ጋሽ ይርዳው ዘንድ ደረሰ። ጋሽ ይርዳው ፍራሽ አዳሽ ነው። ሚስቱ ከሞተችበት ወዲህ አንድ ልጁን ብቻውን ነው ያሳደገው። አሁን ልጁ ለትዳር ደርሶ የእትዬ ጥሩዘርን ልጅ ወዷል፤ ጋሽ ይርዳውም ሽማግሌ ሆኖ እንዲጠይቅለት ሃምሳ አለቃን ለምኖ፣ ሃምሳ አለቃም እሺ ብሎ፣ ከበዓሉ ማግስት ሊሄዱለት ተቀጣጥረዋል።

«ወንድ ልጅ አይፈራም» አለው ዶክተሩ።

«ምኑን?»

«ምንም ነገር አይፈራም።»

«እኔ ውሻ እፈራለሁ። አንድ በልልኝ።»

«ወንድ ልጅ አያለቅስም።»

«የልጄ እናት የሞተች ለት አልቅሼ ሰፈሩን ያስለቀስኩት እኔ ነኝ። አንድ።»

«ወንድ ልጅ ማጀት አይገባም።»

«ታዲያ ልጁ በምን አደገ፣ ወንድሜ? ሽንኩርቱን ማን ከተፈው? አንድ!»

ዶክተሩ ደምሮ ደምሮ መነጽሩን አወለቀ። «ጋሽ ይርዳው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ በስንቱ አገር ስዞር እንዲህ ዝቅ ያለ ወንድ ገጥሞኝ አያውቅም።»

በራፉ በሳቅ ተናጋ። ሃምሳ አለቃ ግን አልሳቀም።

«ይርዳው፣ እንግዲህ አትቀየመኝ» አለው። «እኔ አምስት ሆኜ አንድ ላገኘ ሰው ልጅ ደጅ አልጠናም። ‹ምን ዓይነት አባት ነው ያሳደገው?› ቢሉኝ ምን ልመልስ ነው? ሌላ ሽማግሌ ፈልግ።»

ጋሽ ይርዳው ክው አለ። «ኧረ ሃምሳ አለቃ! ልጁ ምን በደለ?»

«ዘር ከልጓም ይስባል!» ብሎ ፊቱን አዞረበት።

በዚህ መሀል ከመንገድ «ኧረ የወንድ ያለህ!» የሚል ድምፅ መጣ። ቀና ብንል እራሷ የልጅቷ እናት፣ እትዬ ጥሩዘር! ባንድ እጇ ቀይ አውራ ዶሮ እግሩን ይዛ አንጠልጥላለች፣ ባንድ እጇ ቢላዋ ይዛለች። ባሏ ገበያ ወርዶ አልተመለሰም። በእኛ ሰፈር ደግሞ ሴት ዶሮ አታርድም፤ ወንድ ካልተገኘ ዶሮና ቢላዋ ይዞ መንገድ ላይ ቆሞ አላፊ አግዳሚውን መለመን ነው።

«ጥሩ ቦታ መጣሽ፣ ጥሩዬ!» አላት ሃምሳ አለቃ። «ዛሬ ወንድነታችን በዶክተር ተለክቶ፣ ከይርዳው በቀር ሁላችንም አምስት ነን!»

«እሰይ! እንግዲያው ካምስቶቹ አንዳችሁ ይቺን ነገር ባርኩልኝ። ሽንኩርቴ ተጥዷል።»

ሃምሳ አለቃ አውራ ዶሮውን አየው። አውራ ዶሮውም ሃምሳ አለቃን አየው።

«እኔ እንኳ... ይሄ ትከሻዬ፣ ከጦር ግንባር ጀምሮ አልታዘዝ ብሎኛል። ልሳነወርቅ፣ ተነስ እንጂ!»

«እኔን ለዶሮ?» አለ አቶ ልሳነወርቅ ከነበርጩማው ወደ ኋላ እየተንፏቀቀ። «በሬ ቢሆን አንድ ነገር ነው!»

እኔ ገና ስሜ ሳይጠራ ገብቼ ወንበሩ ላይ ጉብ አልኩና ፀጉር አስተካካዩን «ጀምር በል!» አልኩት። የቀረውን ያየሁት በመስታወት ነው።

እትዬ ጥሩዘር ዙሪያውን ቃኘችና ዓይኗ ዶክተሩ ላይ አረፈ። «አንተ ነህ ለካ ለኪው! በል እንካ፣ ልጄ።»

ዶክተሩ እምቢ ቢል ነውር፣ እሺ ቢል ጭንቅ ሆነበት። ወረቀቱን ጋሽ ይርዳውን አስያዘና አውራ ዶሮውን በሁለት ጣቱ ክንፉን ያዘው። ዶሮው ጮኸ። ዶክተሩም ጮኸ። የትኛው ጩኸት የማን እንደነበር እስከ ዛሬ እንከራከራለን። ብቻ ዶሮው አምልጦ፣ የአቶ ልሳነወርቅን ባርኔጣ ረግጦ፣ ከፀጉር ቤቱ ፊት ለፊት ያለው ቤት ቆርቆሮ ላይ ወጣ። ዶክተሩ ከሃምሳ አለቃ ጀርባ ነው የተገኘው። ሃምሳ አለቃ ደግሞ ከበሩ ጀርባ።

አውራ ዶሮው ማንም እንደማይደርስበት ሲያውቅ ቁልቁል አየን። ደረቱን ነፋ፣ ክንፉን አራገበ፣ አንገቱን አሰገገና ሰፈሩ እስኪሰማ፦

«ኩኩሉ...!»

ጋሽ ይርዳው የያዘውን ወረቀት ለዶክተሩ ዘረጋለት።

«ዶክተር፣ እንካ እሱንም ጻፈው። አምስት እያለህ ነው!»

ሳቁ ሲበርድ ጋሽ ይርዳው ከእትዬ ጥሩዘር ቤት ጥሬ አስመጥቶ መሬት ላይ በተነ፣ ዶሮውን አባብሎ አወረደ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ፣ በስመ አብ ብሎ ባረከላት።

«ጋሽ ይርዳው፣ እጅህ ይንቀጠቀጣል እኮ!» አለችው።

«ስለምፈራ ነው።»

እትዬ ጥሩዘር ዶሮዋን ተቀበለችና ከበሩ ጀርባ ወዳለው ሰው ዞረች። ሰፈር ነው፣ የሽምግልናው ወሬ ቀድሞ ደርሷታል።

«ሃምሳ አለቃ፣ ከበዓሉ ማግስት ስለዚህ ሰው ልጅ ስትመጡ እንዳትዘገዩ። እኔ አምስት ብያለሁ፤ ባሌም ከገበያ ሲመለስ አምስት ይላል።»