የቆሎ መጠቅለያ

አንድ የእህል ነጋዴ ነበር። ሀብታም ነው፣ የከተማው ትልቁ መጋዘን የሱ ነው፣ ግን ሰው አያምንም። አንድ ጊዜ ቁልፍ ያዡ ዘርፎት ስለጠፋ በሩ ላይ ሦስት ጓጉንቸር ሰቀለ። እሺ፣ ይስቀል። የተዘረፈ ሰው ቢጠነቀቅ አልፈርድበትም። እኔን የሚያቃጥለኝ ከዚያ በኋላ ያደረገው ነው።

አዲስ ቁልፍ ያዥ ሲፈልግ ትርንጎ የምትባል ሴት መጣች። ዋስ አምጪ አሏት፣ አመጣች። አሻራ ስጪ አሏት፣ ሰጠች። በፊት የሠራችበት ቤት ሄደው ጠየቁ፣ «እጇ ንጹሕ ነው» ብለው መሰከሩላት። በቃ፣ አለቀ አይደል? አላለቀም! የነጋዴው ጸሐፊ አራት ገጽ ቅጽ ይዞ ፊቷ ቁጭ አለ። ምን በሽታ ይዞሽ ያውቃል? ባልሽ ለምን ጥሎሽ ሄደ? ልጅሽን ከማን ወለድሻት? ወይ ጉድ! ሴትየዋ እኮ በር ልትቆልፍ ነው የመጣችው!

ልጇ ላይ ሲደርስ ትርንጎ ቅጹን በመዳፏ ከደነችው።

«ይሄ ደግሞ ለቁልፍ ምን ያደርጋል ጋሼ?»

«ማጣራት ነው እህቴ። ጌታው ሁሉን ማወቅ ይፈልጋል። አንድ መስመር ባዶ ከቀረ ሥራውን እርሺው።»

«ልጄ ራሷ የማታውቀው ነገር ነው እኮ።»

«አይዞሽ፣ እዚህ ቤት የገባ ወረቀት አይወጣም። እኔ ነኝ የምልሽ።»

ሥራውን ትፈልገዋለች፣ የስድስት ዓመት ልጅ ታሳድጋለች። ነገረችው። ልጅቷን፣ ማስተዋልን፣ እሷ አልወለደቻትም። አንድ ክፍል ተከራይተው አብራት የምትኖር ጓደኛ ነበረቻት፣ እሷ በወለደች በአሥራ አንደኛው ቀን ሞተች። ትርንጎ ሕፃኗን አቅፋ ቀረች። የእናትየዋን ፎቶ በነጠላ ጠቅልላ ሣጥን ሥር አስቀምጣዋለች። ማስተዋል ስምንተኛ ክፍልን የጨረሰች ቀን አጠገቧ አስቀምጣ፣ ፎቶውን እጇ ላይ አድርጋ፣ በራሷ አፍ ልትነግራት ነው። ከየት እንደምትጀምር እንኳ ስንት ጊዜ ለብቻዋ ተለማምዳዋለች። እንግዲህ የነበራት ምስጢር ይሄ ብቻ ነው። ጸሐፊው በጥሩ የእጅ ጽሑፍ ጻፈው፣ ፋይል ውስጥ ከተተው፣ ነጋዴው ደግሞ አንብቦት እንኳ አያውቅም!

ሰባት ዓመት አለፈ። ትርንጎ ያንን ቁልፍ ገላዋን ስትታጠብ እንኳ ከአንገቷ አታወልቀውም። ታማ ተኝታ ሳለች «ቁልፉን ላኪ» ቢሏት፣ ተደግፋ መጥታ ራሷ ከፍታ ተመልሳለች። አንድ ኩንታል አልጎደለም።

ከዚያ አንድ ቀን ነጋዴው አዲስ ቁም ሣጥን ገዛና ጸሐፊውን «ያን አሮጌ ወረቀት አስወግድልኝ» አለው። እንዴት ይወገድ፣ የማን ወረቀት ነው፣ ምን ተጽፎበታል፣ ምንም የለም። አስወግድልኝ፣ በቃ። ጸሐፊውስ? ክብሪት መጫር ከበደው! ተሸክሞ ወጣና መጋዘኑ በር ላይ ለምትሸጠው ቆሎ ሻጭ ለመጠቅለያ ሰጣት። እሷም መርቃው አንድ ብርጭቆ ቆሎ ሰፍራ መዳፉ ላይ ገለበጠችለት። እየቆረጠመ ተመለሰ። ስሙኝ! የስንት ሰው በሽታ፣ የስንት ሰው ፍቺ፣ የስንት ሰው እንባ ሰጥቶ፣ እየቆረጠመ ተመለሰ! ቆሎ ሻጯን ምንም አልላትም። ማንም አደራ አላላትም፣ ለሷ መጠቅለያ ነው።

ማስተዋል ከትምህርት ቤት ስትመለስ ከዚያችው ሴትዮ ቆሎ ገዛች። ልጅቷ ያገኘችውን ሁሉ የምታነብ ዓይነት ናት፣ የመድኃኒት ካርቶን ሳይቀር። ቆሎውን ጨረሰች፣ የቀረችውን ሱፍ አራገፈች፣ ወረቀቱን ዘረጋችው። የእናቷ ስም አለ። ዝቅ ብሎ እንዲህ ይላል፦ «ልጅ፦ አንዲት ሴት። አልወለደቻትም። ልጅቷ አታውቅም።»

ቤት ገብታ ወረቀቱን እናቷ ፊት አስቀመጠችው። አላለቀሰችም።

«እማ፣ ልጅቷ የተባለችው እኔ ነኝ?»

ትርንጎ ያን ሁሉ ዓመት ከተለማመደችው ቃል አንዱም አልመጣላት አለ።

«ልነግርሽ ነበር እናቴ። አንድ ዓመት ነበር የቀረው…»

«ለእህል ቤት ጸሐፊ ነግረሽዋል። ለኔ ነው የከበደሽ?»

ምን ብላ ትመልስ? እስቲ እናንተ ንገሩኝ፣ ምን ብላ ትመልስ!

በነጋታው ጠዋት ነጋዴው በር ላይ ቆሞ ጆንያ ሲያስጭን ትርንጎ መጣችና ወረቀቱን ሰጠችው። ገረፍ አድርጎ አየው።

«ወረቀት ነው እኮ ትርንጎ! ለአሮጌ ወረቀት ነው እንዲህ የምትቆጪው?»

«ቁልፍዎም ብረት ነው ጌታዬ» አለችው። ከአንገቷ አወለቀችው። «ይሄን ብረት ሰባት ዓመት አምነው ሲሰጡኝ አንድ ቀን ሜዳ ላይ ጥዬው አላውቅም። እኔን አራት ገጽ አስመረመሩ። እኔ እርስዎን አንዲት ጥያቄ አልጠየቅኩም። መጠየቅ ነበረብኝ።»

«እሺ፣ ጸሐፊውን አባርረዋለሁ! ምን አድርግ ነው የምትዪኝ?»

«ያባርሩት። ሲባረር ልጄ ያነበበችውን ይዞልኝ ይሄዳል?»

እሷ ቁልፉን በሩ ላይ ካለው ሚስማር ሰቀለችና ወጣች።

ሰውየው ተማረ ብላችሁ ነው? ወይ መማር! በሳምንቱ መጋዘኑ ውስጥ ጆንያ ከሚሸከሙት አንዱን ሽማግሌ ጠራና «አንተ ታማኝ ሰው ነህ፣ ቁልፉን ያዝልኝ። ይሄን ቅጽ ብቻ ሙላ» አለው። ያው አራት ገጽ! ሽማግሌው ቅጹን ገልብጦ ጀርባውን አየ፣ ጠቅለል አድርጎ ጫፉን አሾለው፣ ውስጡን አጮልቆ ተመለከተ።

«ይሄኛውስ ስንት ብርጭቆ ይይዛል ጌታው?»

ተሸካሚው ሁሉ ጆንያውን ጥሎ ሳቀ። ነጋዴው አልሳቀም። ከዚያ ወዲህ በከተማው ለሱ እውነቱን የሚጽፍለት ሰው ጠፋ። ይኸው ሦስቱንም ጓጉንቸር ራሱ ይከፍታል፣ ራሱ ይቆልፋል። የትም አይሄድም፣ ዘመድ እንኳ መቅበር አልቻለም።

ደግ አደረጉት! ግን ይሄ ለኔ አይበቃኝም። ምክንያቱም ትርንጎ ልጅቷ ወረቀቱን ያነበበች ቀን ማታ ፎቶውን ከሣጥኑ አውጥታለች። ማስተዋል ብዙ ቆይታ አየችውና «እሷን እመስላለሁ?» አለች። «አፍንጫሽ ቁርጥ የሷ ነው» አለቻት ትርንጎ። ተላቀሱ፣ ተቃቀፉ። እናትና ልጅ ናቸው፣ ሌላ ምን ይሆናሉ። ግን ያ ስንት ዓመት ሲጠበቅ የነበረው ቀን፣ እናት ራሷ መርጣ፣ ራሷ አሳምራ ልትነግር ያሰበችበት ቀን፣ ቆሎ ተጠቅልሎበት አለቀ። ወረቀቱን መመለስ ይቻላል። ቀኑን ማን ይመልስላታል?

ትምህርቱ ይሄ ነው። የምትቀጥረው ሰው ታማኝ መሆኑን ማጣራት መብትህ ነው፣ እሺ። ግን ለሥራው የማይሆንህን አትጠይቅ፣ ምን አገባህ! የሰው ጉዳይ አንተ ጋ ያለው ያንተ ስለሆነ አይደለም፣ ሰውየው እንጀራ ስለፈለገ አምኖ አስቀመጠብህ እንጂ። እሱ ያንተን ቁልፍ እንደሚጠብቀው ጠብቀው። ሥራው ሲያልቅ ደግሞ «አስወግድልኝ» ብለህ ለሌላ ሰው አትወርውረው፣ አመድ እስኪሆን ድረስ ቆመህ እይ። ሰውን ታማኝ ነህ ወይ ብለህ የመረመርክ ጊዜ አንተም ፈተና ላይ ተቀምጠሃል፣ አታውቀውም እንጂ።

ሰው ፊት ቅጽ የምትዘረጉ ሁሉ፣ አሁኑኑ ተነሱና መሳቢያችሁን ክፈቱ። እዚያ ውስጥ የማን ልጅ የማታውቀው ነገር አለ? ነገስ ምን ሊጠቀለልበት ነው?